ደም የጠጣች ትንኝ ጂኖች ምን ያህል እንደሚነቁ ለመለካት፦ ከአመጋገብ እስከ ስሌት ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ሴት ትንኝ ደም ከጠጣች በኋላ የትኞቹ ጂኖቿ እንደሚነቁና የትኞቹ እንደሚዳከሙ ለመለካት ለሚሠሩ ተማሪዎችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ነው። ሥራው በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ ትንኞቹን መመገብ፣ በተለያየ ሰዓት መሰብሰብ፣ አር ኤን ኤ (የነቃ ጂን ቅጂ) ማውጣትና መለካት ብቻ ነው። ነገር ግን ብዙዎች ሙከራውን ሲደግሙት የመጀመሪያውን ውጤት መልሰው አያገኙትም። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የመለኪያው ማሽን ሳይሆን ከሁለት ነገሮች የአንዱ ነው፦ ወይ ማነጻጸሪያ የሆነችው ደም ያልጠጣች ትንኝ በትክክለኛው ሰዓት አልተወሰደችም፣ ወይ የተጠጣው ደም ራሱ ናሙናው ውስጥ ገብቶ ልኬቱን አዛብቶታል። ስለዚህ በነዚህ ሁለት ጉዳዮች ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንቆያለን፤ ሌላውን ፈጠን ብለን እናልፋለን።

ከመጀመርዎ በፊት፦ መቼ ምን እንደሚጠበቅ ይወቁ

የሚጠብቁትን ሳያውቁ ናሙና ከሰበሰቡ ሙከራው መሳካቱንም መክሸፉንም መለየት አይችሉም። ከታች ያለው የጊዜ ሰሌዳ በ27 እና በ28 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ለሚኖር ኤዲስ ኢጂፕቲ ለተባለ የትንኝ ዝርያ ነው።

ትንኟ ከፑፓ (በእጭና በጉልምስ መካከል ካለው ደረጃ) በወጣች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገደማ ጁቬናይል ሆርሞን የስብ አካሏን (ስንቅ የሚከማችበትንና የእንቁላል አስኳል ፕሮቲን የሚሠራበትን) እና እንቁልጢዋን ለደም ያዘጋጃል። በዚህ ጊዜ የቀዳማይ ትሪፕሲን (ፕሮቲን የሚፈጭ ኤንዛይም) ጂን ግልባጭ፣ ማለትም ከጂኑ የተቀዳው አር ኤን ኤ፣ አንጀቷ ውስጥ ተከማችቶ ይቆያል፤ ፕሮቲኑ የሚሠራው ግን ደም ሲገባ ነው። ደሙ እንደተጠጣ የሰውነቷ ሙቀት በአንድ ጊዜ ስለሚያሻቅብ የሙቀት መከላከያው ጂን ኤች ኤስ ፒ 70 በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ይነቃል። ከዚያም አንጎሏ የሚለቃቸው ሆርሞኖች እንቁልጢዋ ኤክዳይሶን እንዲያመርት ያዛሉ፤ ይህም ወደ 20-ሃይድሮክሲኤክዳይሶን ተለውጦ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ከደሙ የሚገኙት አሚኖ አሲዶችም ቶር በተባለው የምልክት መስመር በኩል የስብ አካሉን ያነቃሉ። ደኃራይ ትሪፕሲን ከ8 እስከ 10 ሰዓት አካባቢ መውጣት ይጀምርና በ24 ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል። የእንቁላል አስኳል ፕሮቲን ጂን የሆነው ቪተሎጀኒን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሮ በ24 ሰዓት ገደማ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ከ36 ሰዓት በኋላ በፍጥነት ይወርዳል። በ48 ሰዓት አካባቢ ደሙ ተፈጭቶ ያልቃል፤ በ72 ሰዓት ገደማ እንቁላሎቹ ለመጣል ይደርሳሉ።

ከዚህ ሰሌዳ ሁለት ጂኖችን ለይተው በማስታወሻዎ ላይ ይጻፉ፤ ለስብ አካል ቪተሎጀኒንን፣ ለመካከለኛ አንጀት ደኃራይ ትሪፕሲንን። እነዚህ ሁለቱ በ24 ሰዓት ናሙና ውስጥ በግልጽ ካልታዩ ሌላ ማንኛውንም ውጤት አይመኑ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን፣ ዝርያውንና የአካል ክፍሉን ይወስኑ

መልስ የሚፈልጉለትን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ደም ምን ያደርጋል» የሚለው ጥያቄ አይበቃም፤ «ደም ከተጠጣ በኋላ በመካከለኛ አንጀት ውስጥ የበሽታ መከላከያ ጂኖች በስንት ሰዓት ይነቃሉ» የሚለው ግን የአካል ክፍሉንም የመሰብሰቢያ ሰዓቱንም ይወስንልዎታል።

መላ አካሏን መፍጨት ድካም ይቀንሳል፤ መልሱን ግን ይደብቃል። በአንጀት ውስጥ አሥር እጥፍ የነቃ ጂን በመላ አካል ናሙና ውስጥ ምንም ያልሆነ ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱም የተቀረው አካል ግልባጮች ስለሚያቀጥኑት ነው። የሚቻልዎት ከሆነ አንጀትን፣ የስብ አካል የያዘውን የሆድ ግድግዳ እና እንቁልጢን ለየብቻ ይውሰዱ። ሽታ ተቀባይ ጂኖችን የሚከታተሉ ከሆነ ደግሞ አንቴናዎቹ እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ ለአንድ ናሙና ብቻ በመቶ የሚቆጠሩ እንደሚያስፈልጉ ከወዲሁ ያስቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከኩሌክስ ፒፒየንስ ዓይነቶች መካከል ሞለስተስ የተባለው የመጀመሪያ እንቁላሉን ያለ ደም መጣል ይችላል። ይህን ዓይነት ሳያውቁ ከተጠቀሙ ደም ያልጠጣችው ማነጻጸሪያ ቪተሎጀኒን ስታመርት ያገኟታል።

ደረጃ 2፦ ትንኞቹን በእኩል ያሳድጉ

1. እጮቹን በተመሳሳይ የውሃ መጠን፣ በተመሳሳይ ቁጥርና በተመዘነ ምግብ ያሳድጉ። የተጨናነቁ እጮች ትናንሽ ሴቶች ይሆናሉ፤ ትንሽ ሴት ደግሞ ያከማቸችው ስንቅ አነስተኛ ስለሆነ የመጀመሪያውን ደም እንቁላል ከመሥራት ይልቅ ለራሷ ልታውለው ትችላለች። ይህ በተለይ በአኖፌለስ ዝርያዎች ዘንድ የተለመደ ነው።

2. ጉልምሶቹን ከ27 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት፣ ከ70 እስከ 80 በመቶ እርጥበት፣ 12 ሰዓት ብርሃንና 12 ሰዓት ጨለማ ባለው ክፍል ወይም ኢንኩቤተር ውስጥ ያኑሩ። 10 በመቶ የስኳር ውሃ ያቅርቡ።

3. ሴቶቹን ከወንዶች ጋር በአንድ የመረብ ሳጥን ውስጥ ያቆዩና ሁሉም እንዲጠቁ (ከወንድ ጋር እንዲገናኙ) ያድርጉ። የአኖፌለስ ጋምቢዬ ወንድ በሚገናኝበት ጊዜ 20-ሃይድሮክሲኤክዳይሶንን ራሱ ለሴቷ ያስተላልፋል። ስለዚህ የተጠቁና ያልተጠቁ ሴቶች ከተደባለቁ የደሙን ሥራ ከወንዱ ሥራ መለየት አይቻልም።

4. ደም የሚሰጧቸው ሴቶች ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 6 ቀን የሆነ ይሁን፤ በአንድ ሙከራ ውስጥ ያለው የዕድሜ ልዩነት ከአንድ ቀን አይብለጥ። ሦስት ቀን ያልሞላቸው ሴቶች የስብ አካላቸው ለሆርሞኑ ገና ዝግጁ ስላልሆነ ደሙን ቢጠጡም ምላሻቸው ደካማ ነው።

ደረጃ 3፦ ማነጻጸሪያዎቹን ከአመጋገቡ በፊት ያቅዱ

ይህ ደረጃ ላይ ቸኩሎ ማለፍ የሙከራውን ግማሽ እንደ መጣል ነው።

በጣም የተለመደው ስሕተት ከመመገባቸው በፊት አንድ ናሙና ወስዶ፣ ከዚያ በ6፣ በ12፣ በ24 ሰዓት የተወሰዱትን ሁሉ ከዚያ ከአንዱ ጋር ማነጻጸር ነው። የትንኝ ጂኖች ብዙዎቹ ከብርሃኑና ከጨለማው ጋር በየዕለቱ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ጠዋት ተመግባ ከ12 ሰዓት በኋላ የተወሰደች ትንኝ ከጠዋቷ ማነጻጸሪያ የምትለየው ደም ስለጠጣች ብቻ ሳይሆን ስለመሸም ጭምር ነው። ይህን ስሕተት ከሠሩት አንዱ እኔ ነኝ፤ በ12 ሰዓት «የነቁ» ያልኳቸው ጂኖች ደም ባልጠጡት እኅቶቻቸውም ዘንድ በዚያው ሰዓት ነቅተው ሳገኛቸው ሙሉውን ሥራ ከመጀመሪያው መድገም ግድ ሆነብኝ።

ስለዚህ እንዲህ ያቅዱ፦

1. ከአንድ ዙር የተገኙትን ሴቶች ያለምርጫ ለሁለት ሳጥን ይክፈሉ። መጀመሪያ በመምጠጫ ቱቦ የተያዙትን ወደ አንዱ፣ በኋላ የተያዙትን ወደ ሌላው አያስገቡ፤ ቀድመው የሚያዙት ደካሞቹ ወይም ደፋሮቹ ስለሆኑ ቡድኖቹ ከመነሻው ይለያያሉ። እየተፈራረቁ ያስገቡ።

2. ለእያንዳንዱ የመሰብሰቢያ ሰዓት ደም ያልጠጡ እኅቶችን በዚያው ሰዓት ይውሰዱ። ከመመገብ በፊት ያለውን ናሙናም ይውሰዱ፤ ነገር ግን ብቸኛ ማነጻጸሪያ አያድርጉት።

3. ማነጻጸሪያዎቹም እንደ ተመጋቢዎቹ ስኳር ይከልከሉ፤ እኩል ጊዜ ይቀዝቅዙ፤ ባዶ የሞቀ መመገቢያ ከሳጥናቸው ላይ ይቀመጥ። ከአመጋገቡ በኋላ ለሁለቱም ቡድን የስኳር ውሃውን ወዲያው ይመልሱ። ማነጻጸሪያዎቹ ሳይበሉ 48 ሰዓት ከቆዩ የሚለኩት የደምን ውጤት ሳይሆን የረሃብን ውጤት ይሆናል።

4. ጥያቄዎ የሆድ መወጠርን ከምግቡ መለየት የሚሻ ከሆነ ሦስተኛ ቡድን ይጨምሩ፤ ይህ ቡድን 1 ሚሊሞላር ኤ ቲ ፒ (ትንኟን እንድትጠጣ የሚያነሳሳ ንጥረ ነገር) የተጨመረበት 37 ዲግሪ የሞቀ የጨው ውሃ ይጠጣል። ትንኟ የጨው ውሃውን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሽንት ስለምታስወግደው ይህ ቡድን የሚያገለግለው ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብቻ ነው። በጨው ውሃው ላይ አልቡሚን የሚጠጣ አራተኛ ቡድን ቢጨመር ደግሞ የፕሮቲኑን ሥራ ከሂሙ (በደም ውስጥ ብረት ከያዘው ቀይ ንጥረ ነገር) ሥራ ለመለየት ይረዳል።

5. ሙሉውን ሙከራ ቢያንስ በሦስት፣ ቢቻል በአራት የተለያዩ የእርባታ ዙሮች ይድገሙ። ከአንድ ሳጥን የወጡ ሦስት ስብስቦች ሦስት ድግግሞሾች አይደሉም፤ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ መለካት ናቸው።

ደረጃ 4፦ ደሙን ያዘጋጁና ይመግቡ

በሽታ ያለመያዙ የተረጋገጠ ደም ብቻ ይጠቀሙ። ትንኞችን በሰው ክንድ ወይም በእንስሳ ላይ መመገብ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በሰው ሠራሽ ሽፋን መመገብ ለዚህ ሙከራ የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ለሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ደም ስለሚሰጥ ነው።

1. ስኳሩን ከመመገቡ 12 እስከ 24 ሰዓት ቀደም ብለው ያንሱ፤ ውሃውን ደግሞ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ሲቀረው ያንሱ።

2. ፋይብሪኑ የወጣለት ወይም በሄፓሪን ወይም በሲትሬት እንዳይረጋ የተደረገ ደም ይምረጡ። የመረጡትን ዓይነት በሁሉም ዙር አይቀይሩ። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ደም አይጠቀሙ፤ ቀይ ሕዋሶቹ ፈንድተው ይዘታቸው ይፈስሳል።

3. ከአጥቢ እንስሳ የተገኘ ደም ይመረጣል። የአጥቢዎች የበሰለ ቀይ ሕዋስ ኒውክለስ የለውም፤ የወፍ ግን አለው፣ ስለዚህ የዶሮ ደም ናሙናዎን በባዕድ ዲ ኤን ኤና አር ኤን ኤ ያጥለቀልቀዋል። በአጥቢ ደምም ውስጥ ነጭ ሕዋሶች አሉ፤ ደሙን በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክረው ከቀዩ ሕዋስ በላይ የሚታየውን ስስ ነጭ ንብርብር ቢያስወግዱና ቀይ ሕዋሱን ከፕላዝማው ጋር መልሰው ቢቀላቅሉ ችግሩ በእጅጉ ይቀንሳል።

4. ደሙን በመመገቢያው ውስጥ በ37 ዲግሪ ያቆዩ፤ ሽፋኑን በሁለት አቅጣጫ ስበው ስስ በማድረግ ይወጥሩት።

5. የአመጋገቡን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይገድቡ፤ ሰዓት የሚቆጥሩት ከዚህ ጊዜ መካከለኛ ነጥብ ነው። መመገቢያውን ለአንድ ሰዓት ክፍት ከተዉት «3 ሰዓት» ብለው የሚጽፉት ናሙና ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ያሉ ትንኞች ድብልቅ ይሆናል።

ትንኞቹ ካልጠጡ፦ የሽፋኑን ሙቀት ይለኩ፣ በሽፋኑ ላይ ትንፋሽ ይተንፍሱበት፣ ደሙ ላይ 1 ሚሊሞላር ኤ ቲ ፒ ይጨምሩ። አኖፌለስ በጨለማ የሚመገብ ስለሆነ ብርሃኑን ያጥፉ፤ ኤዲስ ግን በቀን ይመገባል። ኤ ቲ ፒ ለአንድ ዙር ከጨመሩ ለሁሉም ዙር ይጨምሩ።

ደረጃ 5፦ የጠገቡትን ይለዩ

ትንኞቹን አቀዝቅዘው በበረዶ ላይ በተቀመጠ ሳህን ላይ ያፍስሷቸውና ሆዳቸው ተወጥሮ ቀልቶ የሚታየውን ብቻ ይውሰዱ። ግማሽ የጠጡትን ያስወግዱ። በበረዶ ላይ ከ5 ደቂቃ በላይ አያቆዩአቸው፤ ቅዝቃዜው ራሱ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ሲጨርሱ የገቡትንና የወጡትን ትንኞች ቆጥረው ያስታርቁ፤ ያመለጠች አንዲት እንኳ ካለች ሳትገኝ በሩ አይከፈት።

ደረጃ 6፦ ናሙናውን ይሰብስቡ

1. ጓንት ያድርጉ፤ ወረንጦዎቹንና ስላይዶቹን አር ኤን ኤ በሚሰባብሩ ኤንዛይሞች ላይ በተዘጋጀ ማጽጃ ይጥረጉ።

2. አንዲትን ትንኝ በቀዝቃዛ ፎስፌት ጨው ውሃ ጠብታ ላይ ያስቀምጡ፤ ደረቷን በአንድ ወረንጦ ይያዙ፤ በሌላው የሆዷን ጫፍ ቀስ ብለው ይሳቡ። አንጀቱ፣ አምስቱ የማልፒጊ ቱቦዎች (እንደ ኩላሊት የሚያገለግሉት) እና እንቁልጢዎቹ አብረው ይወጣሉ።

3. የማልፒጊ ቱቦዎቹን ከአንጀቱ ለመቁረጥ ወይም ለመተው አንድ ጊዜ ይወስኑና እስከ መጨረሻው በዚያው ይጽኑ።

4. አንጀቱን ወደ ንጹሕ ጠብታ አዛውረው ይጠቡት፤ ወዲያውኑ ወደ ትራይዞል (አር ኤን ኤ ማውጫ ፈሳሽ) ይክተቱት። ከ5 እስከ 10 አንጀቶች አንድ ናሙና ይሁኑ።

5. አንድ ዙር ቅደዳ ከ15 ደቂቃ አይለፍ። ቡድኖቹን እያፈራረቁ ይቅደዱ፤ ማነጻጸሪያዎቹን በሙሉ ጨርሰው ወደ ተመጋቢዎቹ ከሄዱ የእጅዎ ድካም ልዩነት ሆኖ ይመዘገባል።

አንጀቱ ቢፈነዳ ምን ይደረግ? ከ3 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ደሙ ገና ፈሳሽ ስለሆነ ይህ ብዙ ጊዜ ይደርሳል፤ በ24 ሰዓት ደሙን የሚጠቀልለው የአንጀት ሽፋን ስለሚጠነክር ሥራው ይቀላል። የፈነዳውን አንጀት አይጠቀሙ። የስብ አካሉን የሚሰበስቡ ከሆነ ደግሞ ደም የነካውን የሆድ ግድግዳ ሦስት ጊዜ በንጹሕ ጠብታ ያጥቡ፤ ቀለሙ አሁንም ካልለቀቀ ይተዉት። ከተለመደው አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ ትንኝ መመገብ እነዚህን የሚበላሹ ናሙናዎች ይሸፍንልዎታል።

መላ አካል ለመጠቀም ከተገደዱ ራሷን ቆርጠው ያስወግዱ፤ የዓይኗ ቀለም ፒ ሲ አርን (ዲ ኤን ኤን እያባዛ የሚለካውን ዘዴ) ያውካል።

ደረጃ 7፦ አር ኤን ኤ ያውጡ

ማስጠንቀቂያ፦ ትራይዞል ፌኖል ስለያዘ ቆዳ ያቃጥላል፤ በጋዝ መሳቢያ ካቢኔት ውስጥ ብቻ ይክፈቱት። የትራይዞል ትርፍራፊ ላይ በረኪና በፍጹም አያፍስሱ፤ መርዛም ጋዝ ይወጣል።

1. ናሙናውን በ0.5 ሚሊ ሊትር ትራይዞል ውስጥ ምንም ቁራጭ እስከማይታይ ይፍጩ፤ በክፍል ሙቀት 5 ደቂቃ ያቆዩ።

2. 0.1 ሚሊ ሊትር ክሎሮፎርም ጨምረው ለ15 ሰከንድ አጥብቀው ይነቅንቁ፤ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ያቆዩ፤ በ4 ዲግሪ፣ በ12,000 ጂ ለ15 ደቂቃ ያሽከርክሩ።

3. የላይኛውን ጥርት ያለ ንብርብር ብቻ ይውሰዱ። ከመሃለኛው ነጭ ንብርብር ጋር ሲቃረቡ ያቁሙ፤ ስስትዎ ንጽሕናውን ያስከፍልዎታል።

4. ደም የጠጡ ናሙናዎች ላይ የላይኛው ንብርብር ቡናማ ወይም ሮዝ ከሆነ እኩል መጠን ክሎሮፎርም ጨምረው ማሽከርከሩን ይድገሙት። ይህን ተጨማሪ ዙር ደም ያልጠጡት ናሙናዎች ላይም ያድርጉት፤ የሚጠፋው መጠን እኩል እንዲሆን ነው።

5. 0.25 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፓኖልና ጥቂት ግላይኮጅን ይጨምሩ፤ 10 ደቂቃ ያቆዩ፤ በ12,000 ጂ ለ10 ደቂቃ ያሽከርክሩ።

6. ዝቃጩን በ75 በመቶ ኤታኖል ሁለት ጊዜ ይጠቡ፤ በየጊዜው በ7,500 ጂ ለ5 ደቂቃ ያሽከርክሩ። ኤታኖሉ ሲተን ወዲያው ከኤንዛይም ነጻ በሆነ ከ20 እስከ 30 ማይክሮ ሊትር ውሃ ያሟሙት፤ ፈጽሞ ከደረቀ አይሟሟም።

7. ዲ ኤን ኤ በሚያጠፋ ኤንዛይም ያክሙትና በማጣሪያ ዓምድ ያጽዱት።

ደረጃ 8፦ ጥራቱን ይፈትሹ

በ260 እና በ280 ናኖ ሜትር ያለው የንባብ ጥምርታ 2.0 አካባቢ፣ በ260 እና በ230 ያለው ደግሞ ከ1.8 በላይ ይሁን። ሁለተኛው ዝቅ ካለ የፌኖል ወይም የጨው ትርፍ አለ፤ በኤታኖል መልሰው ያዝቅጡት።

እዚህ ላይ አዲስ ሠራተኞች ብዙ ጥሩ ናሙና ይጥላሉ። የጥራት መለኪያ ማሽኖች ከ10 የሚሰጡት ነጥብ የተሠራው 28ኤስ እና 18ኤስ የተባሉት የራይቦሶም አር ኤን ኤ ሁለት ጉብታዎች ተለይተው በሚታዩባቸው እንስሳት ላይ ተመሥርቶ ነው። የትንኝ 28ኤስ ግን እንደ አብዛኞቹ ነፍሳት መሃሉ ላይ ስውር ስብራት አለበት፤ ሲሞቅ ለሁለት ተከፍሎ ከ18ኤስ ጋር ተቀራራቢ ቦታ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ረጅምና ቀጥ ያለ ጉብታ ካዩ፣ ከግርጌውም የተበታተነ ቁርጥራጭ ከሌለ፣ ነጥቡ ዝቅ ቢልም ናሙናው ጤነኛ ነው። ጉብታው ወደ ትናንሽ መጠኖች ተንሸራቶ ከተዘረጋ ግን በእርግጥ ተሰባብሯል፤ ይጣሉት።

ደረጃ 9፦ በፒ ሲ አር ይለኩ

1. ከሁሉም ናሙና እኩል መጠን አር ኤን ኤ ይውሰዱና ወደ ዲ ኤን ኤ ቅጂ ይለውጡ። ከእያንዳንዱ ጥቂቱን ያለ ለዋጭ ኤንዛይም ያስኬዱ፤ ያ ምልክት ካሳየ ዲ ኤን ኤ አልጸዳም ማለት ነው።

2. ፕራይመሮቹ (የሚለካውን ጂን የሚመርጡት አጫጭር ዲ ኤን ኤዎች) የኤክሶን መገናኛን (የጂኑ ክፍሎች በግልባጩ ላይ የሚጋጠሙበትን) የሚሻገሩ ይሁኑ፤ ቅልጥፍናቸው ከ90 እስከ 110 በመቶ መሆኑን በተከታታይ ማቅጠኛ ያረጋግጡ።

3. የሚያውክ ነገር እንዳለ ይፈትኑ። አንድ ደም የጠጣ ናሙና አሥር እጥፍ ያቅጥኑ። የሲ ቲ ንባቡ (ምልክቱ የታየበት የዑደት ቁጥር) በ3.3 ገደማ መጨመር አለበት፤ በ1 ወይም በ2 ብቻ ከጨመረ ሂም ኤንዛይሙን እያፈነ ነው። መፍትሔው ናሙናውን እንደገና በዓምድ ማጽዳት ነው፤ ዝም ብሎ ማቅጠን በጣም ዝቅተኛ የሆኑ ጂኖችን ያሳጣዎታል።

4. ቢያንስ ሁለት ዋቢ ጂኖች (ሌሎቹ የሚመዘኑባቸው የማይለዋወጡ ጂኖች) ይጠቀሙ። ለአኖፌለስ አር ፒ ኤስ 7፣ ለኤዲስ አር ፒ ኤስ 17 የተለመዱ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም የራይቦሶም ጂኖች ናቸው፣ ደም ደግሞ የራይቦሶም ሥራን ያነቃቃል። ስለዚህ ልማድን ተከትለው አይቀበሏቸው፤ በእርስዎ የአካል ክፍልና ሰዓታት ሁሉ የማይናወጡ መሆናቸውን አስቀድመው ይለኩ፤ ቢያንስ አንዱ ከራይቦሶም ውጭ ይሁን።

5. ስሌቱን ከዚያው ሰዓት ማነጻጸሪያ ጋር ያድርጉ። የአንድ ሲ ቲ ልዩነት ሁለት እጥፍ ነው። ስታቲስቲክሱን እጥፉ ላይ ሳይሆን በሲ ቲ ልዩነቱ ላይ ይሥሩ።

ግልባጭ ፕሮቲን አለመሆኑንም አይርሱ። ቀዳማይ ትሪፕሲንን በፒ ሲ አር ብቻ የለካ ሰው ደም ለዚህ ጂን ምንም አላደረገም ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ የሚለወጠው ግን ግልባጩ ወደ ፕሮቲን መተርጎሙ ነው፣ ግልባጩ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

ደረጃ 10፦ ሁሉንም ጂን በአንድ ጊዜ ለማንበብ ከመረጡ

ለእያንዳንዱ ናሙና ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ጥንድ ንባብ (በማሽን ከሁለት ጫፍ የተነበበ ቁራጭ) ይዘዙ። ኤዲስ ኢጂፕቲን የሚያጠኑ ከሆነ በ2018 የወጣውን የጂኖም ቅጂ ይጠቀሙ፤ በ2007 ከወጣው የመጀመሪያው ቅጂ የተወሰደ የጂን ዝርዝር ከእርሱ ጋር አይቀላቅሉ፣ የጂኖቹ ዝርዝርና ወሰን ተለውጧል። አዲሱን ቅጂ በቬክተርቤዝ (በሽታ አስተላላፊ ነፍሳት የጂኖም መረጃ በሚገኝበት ድረ ገጽ) ያገኙታል።

ንባቦቹን የሚያሰልፉት ከትንኟና ከደም ሰጪው እንስሳ ተጣምሮ ከተሠራ ጂኖም ጋር ይሁን። ለትንኟ ብቻ ካሰለፉ በሁለቱም ዘንድ ተመሳሳይ የሆኑ ጂኖች፣ ለምሳሌ አክቲንና የሙቀት መከላከያዎቹ፣ የእንስሳውን ንባብ እንደ ራሳቸው ይቆጥሩታል።

በ24 ሰዓት የስብ አካል ናሙና ውስጥ የቪተሎጀኒን ንባብ እጅግ ብዙውን ቦታ ይይዛል። ጠቅላላ ንባብን መሠረት ያደረገ ማስተካከያ ከተጠቀሙ ሌሎቹ ጂኖች ሁሉ የወረዱ ይመስላሉ፤ በእውነቱ ግን ቪተሎጀኒን ቦታቸውን ስለተሻማቸው ነው። እንደ ዲሴክ2 ወይም ኤጅአር ያሉ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙትን ይህን ጫና የሚቋቋም ማስተካከያ ይምረጡ፤ የእርባታ ዙሩንም በሞዴሉ ውስጥ ያስገቡ።

ውጤቱ ሲያስቸግር

ቪተሎጀኒን በ24 ሰዓት አልነቃም፦ መጀመሪያ የትንኞቹን ዕድሜና የጠጡትን መጠን ይፈትሹ። ቀጥሎ ከዚያው ዙር ያስቀሯቸውን ጥቂት ትንኞች በ72 ሰዓት ይቅደዱ፤ እንቁልጢያቸው እንቁላል ከያዘ ትንኞቹ ደኅና ናቸው፣ ችግሩ አር ኤን ኤው ወይም ፕራይመሩ ላይ ነው። እንቁላል ከሌለ ችግሩ ከደሙ ወይም ከእርባታው ነው።

ቪተሎጀኒን ነቅቷል፣ ጣሪያው ግን በ36 ሰዓት ላይ ነው፦ የኢንኩቤተሩን ሙቀት በሌላ ቴርሞሜትር ይለኩ። ሁለትና ሦስት ዲግሪ ዝቅ ማለት ሙሉውን ሰሌዳ ያዘገየዋል። የመሰብሰቢያ ሰዓቱን ከማስተካከል ይልቅ ሙቀቱን ያስተካክሉ።

የማነጻጸሪያዎቹ ቪተሎጀኒን ከፍ ብሏል፦ ደም የጠጣች ትንኝ ተደባልቃለች። አንዲት ብቻ እንኳ ለአሥር ስብስብ ትበቃለች። የማነጻጸሪያ ናሙና ሲቀድዱ አንጀት ውስጥ ጥቁር ቅሪት ያላትን ያስወግዱ።

ሁሉም ዋቢ ጂን ደም በጠጡት ውስጥ በሁለት ሲ ቲ ዘግይቷል፦ ሂም ነው፤ ወደ ደረጃ 9 ሦስተኛ ነጥብ ይመለሱ። የዘገዩት በ24 ሰዓት የስብ አካል ናሙናዎች ላይ ብቻ ከሆነ ግን ዋቢዎቹ ራሳቸው ተለዋውጠው ሊሆን ስለሚችል ሌሎች ይፈትኑ።

ድግግሞሾቹ በደም ሳይሆን በዙር ተቧደኑ፦ ዙሩን በሞዴሉ ውስጥ አስገብተውም ካልተስተካከለ የእጮቹን ምግብና የትንኞቹን የክንፍ ርዝመት በዙሮቹ መካከል ያነጻጽሩ፤ የክንፍ ርዝመት የአካል መጠን መለኪያ ነው። ልዩነት ካገኙ የተለየውን ዙር ከስሌቱ ሳይሆን ከእርባታው ጀምረው ይድገሙት።

የበሽታ መከላከያ ጂኖች በአንዱ ዙር በጣም ከፍ ብለው በሌላው ዝቅ ብለዋል፦ ከደም በኋላ በአንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በብዙ እጥፍ ይራባሉ፤ የመከላከያ ጂኖቹ መልስ የሚሰጡትም በአብዛኛው ለእነርሱ ነው። የስኳር ውሃውን በየቀኑ እየቀየሩ፣ የእጮቹንም ውሃ ምንጭ አንድ አድርገው ይድገሙ፤ ከእያንዳንዱ ዙር ጥቂት አንጀቶችን ለባክቴሪያ ቆጠራ ለይተው ያስቀምጡ።